ሐላል ከሚለው ምልክት ባሻገር

ዛሬ በደሴና በኮምቦልቻ ሱቆች ስለምንገዛው የታሸገ ሥጋ እንነጋገራለን።

ስንገዛ ቀድመን የምንፈልገው «ሐላል» የሚለውን ምልክት ነው፤ ተገቢም ነው። ሆኖም አላህ ሐላል ብቻ ሳይሆን ጦይብ፣ መልካም የሆነውንም እንድንመገብ አዞናል (አል-በቀራ 168)። ሴሊያክ የተባለ ሕመም ላለበት ሰው በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተሰኘ ፕሮቲን ትንሹን አንጀት ያስጎዳዋል። ሕፃን ከሆነ ይከሳል፣ ተቅማጥ ይመላለስበታል፣ ደሙም ያንሳል።

ታዲያ ስንዴን ከሥጋ ምን አገናኘው? ንጹሕ ሥጋ ግሉተን የለውም። ሞርታዴላና ቋሊማ ሲዘጋጁ ግን እንዲያያዙ ዱቄት ወይም የዳቦ ፍርፋሪ ሊጨመርባቸው ይችላል። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ የተዘረዘረውን እናንብብ። ጽሑፉ ዐረብኛ ከሆነ መድረሳ የሚማሩ ልጆቻችን ያንብቡልን፦ «ቀምሕ» ስንዴ፣ «ሸዒር» ገብስ ነው። በዓለም አቀፉ ኮዴክስ መስፈርት «ከግሉተን ነፃ» የሚባለው ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም የበለጠ ግሉተን የሌለው ነው። እየተቆረጠ የሚሸጥ ከሆነ ማሽኑ ሌላ ዓይነት ቆርጦበት እንደሆነ እንጠይቅ።

ከተጠራጠርን ቀላሉ መፍትሔ ከቤታችን አለ፦ በጨውና በንጹሕ በርበሬ የተዘጋጀ ቋንጣ ከጤፍ እንጀራ ጋር። ጤፍ ግሉተን የለውም። ነገር ግን ከሰኞ ገበያ የገዛነውን ጤፍ ገብስ በተፈጨበት ወፍጮ ካስፈጨነው ይቀላቀልበታል።

በመጨረሻም፣ ሳይመረመሩ ስንዴ ማቆም የምርመራውን ውጤት ያዛባል። ቀድመን ሐኪም እናማክር። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።