«ይህን ምረጡ» ሲባል ምክሩን እንዴት እንመዝን?

መተማ ላይ ሰሊጥ የሚሸጥ ገበሬ፣ ደላላው «ዛሬውኑ ሽጥ» ቢለው ቀድሞ የሚያስበው የደላላውን ጥቅም ነው። ገዥው ራሱ «ቆይ፣ ዋጋው ይጨምራል» ቢለው ግን ልብ ብሎ ይሰማዋል፤ ገዥ ያለ ምክንያት በራሱ ኪሳራ አይመክርምና። ጋዜጣ በሕዝበ ውሳኔ ወቅት አንዱን አማራጭ ሲደግፍም አንባቢ የሚመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው።

በምርጫ ጊዜ የፓርቲው ስምና የዕጩው ማንነት መራጩን ይመሩታል። በሕዝበ ውሳኔ ግን የሚቀርብለት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚያምነውን ሰው አስተያየት ይፈልጋል። ይህ ስንፍና አይደለም። በ1988 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ አምስት የተወሳሰቡ የመድን ሕግ ሐሳቦች ለድምፅ ቀርበው ነበር። ተመራማሪው አርተር ሉፒያ እንዳሳየው፣ ዝርዝሩን ባያውቁም የመድን ኩባንያዎቹ የትኛውን እንደሚደግፉ ያወቁ መራጮች፣ ጉዳዩን ጠንቅቀው ከሚያውቁት ጋር ተቀራራቢ ድምፅ ሰጡ።

ምክር ሁሉ ግን እኩል አያሳምንም። ቺያንግና ናይት በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የአሜሪካ ጋዜጦች ለፕሬዚዳንት ዕጩዎች የሰጡትን ድጋፍ መርምሯል። አንባቢን ይበልጥ ያሳመነው ከጋዜጣው የተለመደ ዝንባሌ ውጭ የመጣው ድጋፍ ነው።

በአገራችን ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. በሕገ መንግሥት ረቂቅ ላይ ድምፅ ሲሰጥ ጋዜጦቹ ሁሉ የመንግሥት ነበሩ። 81 በመቶው መደገፉ ተነገረ፤ ሕገ መንግሥቱ ግን ከአራት ዓመት በኋላ ከሥርዓቱ ጋር ወደቀ። ተቃራኒ ሐሳብ ባልተሰማበት የተሰጠ ድጋፍ የሕዝብን ልብ አይለካም።

ወደ ቀያችን ስንመጣ፣ መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በያኔው ሰሜን ጎንደር ዞን ስምንት ቀበሌዎች በቅማንት ሕዝብ የራስ አስተዳደር ጥያቄ ላይ ድምፅ ሰጡ፤ ሰባቱ በነበሩበት ሲቀጥሉ አንዱ የቅማንትን አስተዳደር መረጠ። በቆላው ምክር ከጋዜጣ ይልቅ በሬዲዮ፣ በስልክና በሽማግሌ አፍ ይመጣል። ሚዛኑ ግን አይለወጥም፦ መካሪው ምን ያገኛል? ምክንያቱን ተናግሯል? የሌላውን ወገን ሐሳብስ ሳያጣምም አቅርቧል?

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዲችል ያዛል። ይህን መጠየቅ የመራጩ መብት ነው። ሰሊጡን በርካሽ የሸጠ ገበሬ በቀጣዩ ምርት ሊካካስ ይችላል፤ በሕዝበ ውሳኔ የተሰመረ ወሰን ግን ለልጆቹም ይተርፋል።