አገዳው ለምልሞ ፍሬ ሲያጣ

በራያ ቆቦ ቆላ ዝናቡ ጳጉሜን ወይም መስከረም ላይ ቢያቋርጥ ማሽላው ወዲያው አይደርቅም። አገዳው እንደቆመ፣ ቅጠሉም እንደለመለመ ለጊዜው ይቆያል። ጉዳቱ ያለው ዘለላው ላይ ነው፤ በሚያብብበትና በሚያሸትበት ሰዓት ውሃ ያጣ ማሽላ በደንብ ፍሬ አይቋጥርም። ገበሬው ዘለላውን በእጁ ዳብሶ ይህን ያውቃል። ሳተላይት ግን ከሰማይ ሆኖ የሚያየው ቅጠሉን ነው። እንዲህ ያለውን ምስል እያነበበ ለበጎ ዓላማ ስለሚውል ሰው ሠራሽ አስተውሎት ልንጠይቀው የሚገባው ጥያቄም ከዚህ ማሳ ይነሳል፦ ማሽኑ ሲሳሳት የሚራበው ማን ነው?

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ምግቡን ለማዘጋጀት ይወስዳል፤ ዓይናችን የማያየውን ታህተ ቀይ ብርሃን ግን በብዛት መልሶ ያንጸባርቃል። ከሳተላይት ምስል የሁለቱ ልዩነት እየተሰላ የልምላሜ መጠን ይወጣል። ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ እየተመለሱ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነውን መሬት እንደ አንድ ነጥብ ያነሳሉ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ የብዙ ዓመት ምስሎችን ከተመዘገበ ምርት ጋር እያዛመደ ይማርና የዘንድሮውን ምርት አዝመራው ሳይታጨድ ይገምታል።

ይህ ለራያ ቀላል ነገር አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዓለም ጎረቤቷን የኮረም ከተማን ያየው ሞት ከበረታ በኋላ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 ፌውስ ኔት የሚባለውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ያቋቋመችው በዚያ እልቂት ምክንያት ነበር። አደጋን በሳምንታት ቀድሞ ማወቅ ሕይወት ያተርፋል።

ሆኖም ማሽኑ የሚያውቀው የተማረውን ብቻ ነው። በቆቦ ሜዳ ከጉድጓድ በሚወጣ ውሃ የሚለማ ማሳ፣ ከደጋ የሚወርድ ጎርፍ ተጠልፎ የሚጠጣ ማሳና ሰማይ ብቻ የሚጠብቅ ማሳ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ምስሉ ሰፋ ያለ መሬትን በአንድ ነጥብ ካጠቃለለ የመስኖው ልምላሜ የጎረቤቱን ድርቀት ይሸፍናል። እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያሉ ዘግይተው የሚደርሱ የአካባቢው የማሽላ ዘሮች የሚፈልጉት የውሃ ጊዜም ፈጥነው ከሚደርሱት ይለያል። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የአንበጣ መንጋ አካባቢውን ሲወር ሰብሉ ወደ መድረሱ ተቃርቦ ነበር። በዚያ ወቅት ልምላሜ በራሱ ጊዜም ስለሚቀንስ፣ የልምላሜ ቁጥሩ ብቻውን አንበጣ የበላውን ማሳ ከደረሰው ማሳ አይለይም።

ግምቱ ለጥናት ብቻ ቢውል ስህተቱ በወረቀት ላይ ይቀር ነበር። እርዳታና ካሳ ሲታደልበት ግን ስህተቱ ከሰው ማዕድ ይደርሳል። ቶጎ በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ኖቪሲ በተባለ ፕሮግራም ድሆችን ለመለየት የሳተላይት ምስልና የስልክ አጠቃቀም መረጃን ተጠቅማለች። ውጤቱን የመረመሩ ተመራማሪዎች ዘዴው ድሃ አካባቢዎችን ብቻ ከመምረጥ እንደሚሻል፣ የተሟላ የነዋሪዎች የኑሮ መዝገብ ካለ ግን በእሱ እንደሚበለጥ አሳይተዋል። ስልክ የሌለው ሰው ደግሞ በስልክ መረጃ ውስጥ አይታይም፤ በገጠር ስልክ የሌለው ብዙውን ጊዜ ከሁሉም የባሰበት ነው። ራያ ቆቦ የሚገኝበት የአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ገደማ ኢንተርኔት ተቋርጦበት እንደነበር ስናስታውስ፣ በኔትወርክ ላይ ብቻ የቆመ እርዳታ ማንን እንደሚረሳ ግልጽ ነው።

የተሻለው መንገድ በቅርባችን ታይቷል። በ2009 እ.ኤ.አ. በትግራይ አዲ ሃ በ200 ቤተሰቦች የተጀመረው የአየር ሁኔታ መድን የካሳ ክፍያውን የሚወስነው በሳተላይት የዝናብ መረጃ ነበር። ባለሙያዎቹ መለኪያውን ሲያዘጋጁ ገበሬዎቹን "ክፉ ዘመን የነበረው መቼ ነው?" ብለው ጠይቀው የእነሱን ትውስታ ከሳተላይቱ መዝገብ ጋር አመሳከሩ። የገበሬው ትውስታ ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው።

ለራያም ይህ ይገባታል። ግምት ሰጪ ሥርዓት ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በራያው ማሳ፣ በራያው ዘር ይፈተን። አንድ ቤተሰብ ከእርዳታ ዝርዝር ሲወጣ ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። ውሳኔውን የመለወጥ ሥልጣን ያለው፣ ስሙና ቢሮው የሚታወቅ ሰው ይኑር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ጥበቃው በስልክና በመታወቂያ መረጃው ለሚመዘነው የቆላ ገበሬም መድረስ አለበት።

ገበሬው "ማሳዬን መጥታችሁ እዩልኝ" ሲል ሄዶ የሚያይና የማሽኑን ቃል የሚሽር ሰው ከሌለ፣ ያ ሥርዓት ለበጎ ዓላማ ተሠርቷል ማለት አይቻልም።