እውነት ወይስ ተረት? «አፉን ተወውና እግሩን እይ»

ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ቀራኒዮ የትራንስፖርት ነገር በተነሳ ቁጥር አንድ አባባል አይጠፋም፦ «ሕዝብን መጠየቅ ምን ይረባል? የሚናገረው ሌላ፣ የሚያደርገው ሌላ። አፉን ተወውና እግሩን እይ።» ሰውየው ለጠያቂ «ፈጣን አውቶቡስ ከመጣማ ሌላ ምን እፈልጋለሁ» ይላል፤ በነጋታው ግን ያው የሚኒባስ ሰልፍ ላይ ነው። ስለዚህ እውነቱ ሰልፉ ነው፣ መጠይቁ ወሬ ነው ይባላል።

እርስዎም ይህን ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ምናልባትም ብለውታል። አይፈረድብዎትም፤ ግማሹ እውነት ነው። እኛ ይሉኝታ ያለን ሰዎች ነን። ፀሐይ እየመታው ወረቀት ይዞ ደጃችን ለቆመ ወጣት «አይ፣ አልፈልገውም» ማለት ይከብደናል። «እንፈልጋለን ካልን ይሠሩልን ይሆናል» የሚል ተስፋም አለ። ስንት ትከፍላለህ ሲባል ደግሞ ታሪፉ በዚያ እንዳይተመን ዝቅ አድርጎ የሚናገር አለ። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ሰው በመጠይቅ እከፍላለሁ የሚለው ከኪሱ አውጥቶ ከሚከፍለው ብዙ ጊዜ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። በዚያ ላይ ተጠይቀን፣ ተመዝግበን፣ ከዚያ ምንም ሳናይ የቀረንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አባባሉ ሥር የሰደደው በዚህ ነው።

የቀረው ግማሽ ግን ተረት ነው። እግርም ሁሉን አይናገርም።

ማለዳ አየር ጤና ላይ ቆሞ ሜክሲኮ መድረስ የሚፈልግ ሰው እንውሰድ። ሚኒባሱ ይመጣል፤ ረዳቱ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች ብቻ!» ይላል። መስመሩ ተቆርጧል። ሰውየው ይሳፈራል፣ ጦር ኃይሎች ይወርዳል፣ እንደገና ይሰለፋል፣ ሁለተኛ ይከፍላል። ተሳፋሪ በሚቆጥረው ሰው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው «ሚኒባስ መረጠ» የሚል ነው። ግን ከምን መረጠ? በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ከአያት ተነስቶ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ ወደ አየር ጤናም ወደ ቀራኒዮም አይዘልቅም። ከዊንጌት ጀሞ የታቀደውን የፈጣን አውቶቡስ መስመርም ሰው ሊመርጠው የሚችለው ተሠርቶ ሥራ ሲጀምር ነው። የሌለ ነገር አለመመረጡን አይቶ «ሕዝቡ አይፈልገውም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሌላም ችግር አለ። የታክሲ ታሪፍ የሚወጣው በርቀት ነው፤ መንገዱ ሲረዝም ብሩም ጊዜውም አብረው ይጨምራሉ። ሁለቱ ሁልጊዜ ተያይዘው ከሄዱ፣ ሰዎች ሩብ ሰዓት ለማትረፍ ስንት ብር እንደሚጨምሩ ከሰልፉ ብቻ መለየት ያስቸግራል። መጠይቁ ይህን ሊለያይ ይችላል። ለምሳሌ አንድ ካርድ ላይ ሁለት አማራጭ ይቀርባል፦ አንዱ በ15 ብር፣ ሃያ ደቂቃ ጥበቃና አንድ ጊዜ መቀያየር ያለበት ሚኒባስ፤ ሌላው በ25 ብር፣ አምስት ደቂቃ ጥበቃ ብቻ ያለው፣ ግን እስከ ፌርማታው አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ አውቶቡስ። ቀጥሎ የሚመጣው ካርድ ዋጋውንና ጊዜውን በሌላ መልክ ይቀላቅላል። ሰውየው ምኑን ለምን እንደሚለውጥ የሚታየው ያኔ ነው።

«እግሩን እይ» ባዮች አንድ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ አዲስ ባቡር ሲሠራ ይፋዊው ትንበያ 15 በመቶው ተጓዥ ይጠቀምበታል የሚል ነበር። ዳንኤል ማክፋደን የሰዎችን የዕለት ጉዞ አጥንቶ 6.3 በመቶ አለ፤ በተግባር የተገኘው 6.2 በመቶ ሆነ። ኋላም በ2000 (እ.ኤ.አ.) የምርጫ ትንተና ዘዴዎቹ የኖቤል ሽልማት አስገኙለት። ማስረጃው እውነት ነው። ግን እዚያ ሰዉ መኪናም አውቶቡስም የማማረጥ ዕድል ነበረው፤ ጊዜና ገንዘብን እንዴት እንደሚያመዛዝን በዕለት ጉዞው ይታይ ነበር። ሰልፍ ሳይረዝም በሰዓቱ የሚመጣ፣ የራሱ መንገድ ያለው አውቶቡስ ቀምሶ ለማያውቅ የቀራኒዮ ሰው ግን ከእግሩ ዱካ ይህን ማንበብ አይቻልም።

«እሺ፣ እንግዲያው ሁለቱን ደምረን መሐሉን እንውሰድ» የሚል ካለ እሱም ተሳስቷል። ሞሼ ቤን-አኪቫ እና ታካ ሞሪካዋ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሥራ ሁለቱን በአንድ ስሌት አገናኝተዋል፤ ግን አላቀላቀሏቸውም። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሰው ጊዜን ከገንዘብ ጋር የሚያመዛዝንበት ልክ በአፉም በእግሩም ያው ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው በመልሱ ውስጥ ያለው ግርግር ነው። በመጠይቅ ላይ ይሉኝታና ግምት አለ፤ መንገድ ላይ ዝናብ፣ የመስመር መቆረጥና ቆጣሪው ያላየው ሁለተኛ ክፍያ አለ። ስለዚህ የግርግሩ መጠን ለየብቻ ይለካል። የማመዛዘኑ ልክ በእርግጥ አንድ መሆኑም ይፈተናል፤ ካልሆነ አንድ ላይ አይታሰርም። መጠይቁ ገና ያልተሠራውን ነገር ያሳያል፣ የዕለት ጉዞው ደግሞ የተጋነነውን ወደ ልኩ ይመልሳል። አንድ ሰው ዛሬ በምን እንደመጣና ነገ ምን እንደሚመርጥ አብሮ ሲጠየቅ ሥራው ይበልጥ ይጠነክራል።

ስለዚህ ጎረቤቴ፣ መጠይቅ የያዘ ሰው በርዎን ሲያንኳኳ «ወሬ ነው» ብለው አይመልሱት፤ ለማስደሰትም ብለው «አዎ» አይበሉት። ኪስዎ በእርግጥ የሚያደርገውን ይንገሩት። ዛሬ ጠዋት በምን እንደሄዱ፣ ስንት ጊዜ እንደተሰለፉና ስንት እንደከፈሉ ሳይጠይቅ ሊሄድ ከተነሳ ደግሞ ያስቁሙትና ያንንም ያስጽፉት።