የማይነሳ አሮጌ መኪና እንደ ማስተማሪያ፤ የብልሽት ምርመራ ሥርዓት ከጉለሌ ምሳሌ ጋር

መግቢያ

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በሽሮ ሜዳና በእንጦጦ ግርጌ ባሉት የጉለሌ መንደሮች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሌሊቱን በብርድ ያደረ አሮጌ መኪና አልነሳ ብሎ ሲያቃስት መስማት የተለመደ ነው። ባለቤቱ ቁልፉን ደጋግሞ ይጠመዝዛል፤ የሰፈር ልጆች ተሰብስበው መኪናውን ቁልቁል ይገፉታል፤ ሞተሩም ይነሳል። በማግሥቱ ግን ያው ችግር ይደገማል። አንዱ ወዳጅ «ባትሪው ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ካንዴላው ነው»፤ ሦስተኛው «ኮይሉ ነው»። ሦስቱም በተራ ይለወጣሉ፤ የባለቤቱ ደመወዝ ያልቃል፤ ብልሽቱ ግን እንዳለ ይቀራል።

በዚህ ጊዜ የጎደለው የመለዋወጫ ዕቃ አይደለም፤ የአመረማመር ሥርዓት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሥርዓት ምን እንደሚመስልና በሙያና በሳይንስ ክፍሎች እንዴት ሊሰጥ እንደሚችል ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ማስረዳት ነው።

ሞተር ለመነሳት የሚያስፈልጉት ነገሮች

ካርቡሬተር ያለው የቤንዚን ሞተር፣ የቮልስዋገንም ሆነ የላዳ፣ ለመነሳት አራት ነገሮችን ይፈልጋል። አንደኛ፣ በበቂ ፍጥነት የሚያሽከረክረው ኃይል፤ ሁለተኛ፣ በተገቢው ቅጽበት የሚፈነጥቅ የኤሌክትሪክ ብልጭታ፤ ሦስተኛ፣ የተመጣጠነ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ፤ አራተኛ፣ በሲሊንደሮቹ ውስጥ በቂ እመቃ ናቸው። መርማሪው «የትኛው ዕቃ ተበላሽቷል?» ብሎ ከመነሳቱ በፊት «ከአራቱ የጎደለው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ዕቃዎቹ ብዙ ናቸው፤ ጥያቄዎቹ ግን አራት ብቻ ናቸው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

1. የማሽከርከር ኃይል። ማርሹ ነጻ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሪኖው ሞተሩን እንደ ወትሮው ያሽከረክረዋልን? የፊት መብራቱ በርቶ ሳለ ቁልፉ ሲዞር ብርሃኑ እጅግ ከደከመ፣ ባትሪው ደክሟል፣ የገመድ መጋጠሚያው ላልቷል ወይም ሞተሪኖው ከልክ በላይ ኃይል እየሳበ ነው። ያላንዳች ጭነት ያደረ ሙሉ የ12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ገደማ ካሳየ ግማሹ ያህል አልቋል።

የባትሪው ልኬት ደኅና ሆኖ ሞተሪኖው ቢደክም መጋጠሚያዎቹ ይመርመሩ። እዚህ ላይ የኦም ሕግ ሥራ ላይ ይውላል። ሞተሪኖው 150 አምፔር ቢስብና በዛገው መጋጠሚያ ላይ 0.02 ኦም ተቃውሞ ቢኖር፣ በዚያች ቦታ ብቻ 3 ቮልት ይባክናል። እንዲህ ያለው ባለመኪና የሚያስፈልገው አዲስ ባትሪ ሳይሆን የብረት ብሩሽና ጥቂት ሙቅ ውኃ ነው።

ተገፍቶ የሚነሳ መኪናም ራሱ መረጃ ይሰጣል። መኪናው በቁልቁለት ወዲያው ከተነሳ፣ ብልጭታው፣ ድብልቁና እመቃው ቢያንስ ለመነሳት የሚበቁ መሆናቸው ተረጋግጧል፤ ጥርጣሬው ወደ ባትሪው፣ ወደ ገመዶቹና ወደ ሞተሪኖው ይጠባል። ከላይ የተጠቀሰው ባለቤት ይህን ቢያስተውል ኖሮ ለካንዴላና ለኮይል ገንዘብ ባላወጣ ነበር።

2. ብልጭታ። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሳ፣ አንድ ካንዴላ ተፈትቶ ከገመዱ ጋር ይያያዝና ብረቱ ከሞተሩ አካል ጋር ተነካክቶ ሞተሩ ይሽከረከራል። ገመዱ በጎማ በተሸፈነ መቆንጠጫ ይያዝ፤ ብልጭታው በብዙ ሺህ ቮልት የሚመጣ በመሆኑ በባዶ እጅ አይነካም። በአቅራቢያው የፈሰሰ ቤንዚን አለመኖሩም አስቀድሞ ይረጋገጥ። ብልጭታ ከሌለ ወደ ኋላ፣ ወደ ዲስትሪቢዩተሩና ወደ ኮይሉ ይኬዳል። በአሮጌ መኪኖች ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈቱና እየተዘጉ ኤሌክትሪኩን በሚያቋርጡት ሁለት የብረት ነጥቦች ላይ ነው። በቮልስዋገንም ሆነ በላዳ የነጥቦቹ ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ነጥቦቹ ሲቃጠሉ ወይም ክፍተቱ ሲጠፋ ብልጭታው ይደክማል።

3. ቤንዚን። ብልጭታው ደኅና ከሆነ ካንዴላውን መመልከት ይበቃል። ደረቅ ካንዴላ ቤንዚን አለመድረሱን፣ በቤንዚን የራሰ ካንዴላ ደግሞ ድብልቁ መብዛቱን ይጠቁማል። በመጀመሪያው ሁኔታ ታንኩ፣ ማጣሪያውና ፓምፑ በተራ ይታያሉ። በሁለተኛው ሁኔታ ቾክ የሚባለው የአየር መዝጊያ ይከፈትና የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ለጥቂት ሰከንዶች ይሞከራል።

4. እመቃ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ምላሹ ሞተር እስከ መክፈት ስለሚያደርስ ዋጋው ከፍተኛ ነው።

የከፍታው ጉዳይ

የውጭ አገር መጽሐፍ ብቻ ይዞ በጉለሌ የሚመረምር ሰው ሊሳሳት የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር በዚያው መጠን ስለሚሳሳ፣ በባሕር ወለል 10 ባር እመቃ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 7.5 ባር ገደማ ያሳያል። ይህን ያላወቀ መካኒክ ጤነኛውን ሞተር አርጅቷል ብሎ ይፈርድበታል። ስለዚህ ልኬቱ ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር ብቻ ሳይሆን ሲሊንደሮቹ እርስ በርሳቸው መነጻጸር አለባቸው፤ ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ እጅግ ዝቅ ካለ ጥፋቱ የዚያ ሲሊንደር ነው።

በዚሁ ምክንያት ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር በጉለሌ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑን ያበዛል። በብርድ ማለዳ ቾኩን አለቅጥ መጠቀም ካንዴላውን የሚያረጥበው ስለዚህ ነው።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ይህን ትምህርት ለመስጠት አዲስ መሣሪያ ማስመጣት ግዴታ አይደለም። አንድ አሮጌ ሞተር፣ ቮልት መለኪያና የካንዴላ መፍቻ ለመጀመሪያው ትምህርት ይበቃሉ። መምህሩ አንድ ጥፋት ብቻ ደብቆ ያዘጋጃል፤ ለምሳሌ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ቁራጭ ወረቀት ያስገባል ወይም የባትሪውን መጋጠሚያ ያላላል። ተማሪው መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጽፋል፤ ምን እንደጠረጠረ፣ በምን ዘዴ እንደሚፈትን፣ የፈተናው ውጤት ምን እንደሚያመለክት። ነጥብ ሲሰጥም ጥፋቱን በዕድል ላገኘው ሳይሆን፣ ባያገኘው እንኳ ጥርጣሬውን በትክክል ላጠበበው ተማሪ ቅድሚያ ይሰጥ። የአካባቢው አንጋፋ መካኒኮችም ወደ ክፍል ቢጋበዙ፣ በጆሮና በማሽተት የሚያውቁትን ተማሪው በመለኪያ እንዲያረጋግጠው ዕድል ይከፍታሉ።

«ካርቡሬተር ዘመኑ ያለፈበት ነው፤ ለምን እናስተምራለን?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ማስታወቁም ለጥያቄው ክብደት ይሰጠዋል። ሆኖም አስቀድመው የገቡት መኪኖች አገልግሎታቸውን አላቆሙም፤ ጠጋኝ ይፈልጋሉ። ከዚያም በላይ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪናም አንድ ቀን አልሄድ ይላል። በውስጡ ካንዴላም ሆነ ካርቡሬተር አይገኝም፤ ባትሪ፣ ገመድና መጋጠሚያ ግን አሉት። በእርሱም ላይ ኃይሉ የት እንደደረሰና የት እንደተቋረጠ ደረጃ በደረጃ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

እንግዲህ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ሊጸና የሚገባው የአንድ ዕቃ ስም ሳይሆን የአጠያየቁ ልማድ ነው። ይህን ልማድ ይዞ ከትምህርት ቤት የወጣ ወጣት፣ ለጎረቤቱ አዲስ ባትሪ ግዛ ብሎ ከመምከሩ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ መጋጠሚያውን ይፈትሻል።