መፍቻ የጨበጡ አቅራቢዎች

«ኦል ገርልስ ጋራዥ» ቬሎሲቲ በተባለ የአሜሪካ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2012 መታየት የጀመረ የመኪና ጥገና ፕሮግራም ነው። አቅራቢዎቹ ሴቶች ናቸው። አዲስ ያደረገው ግን ይህ ብቻ አይደለም፤ ከመኪና አጠገብ ቆማ ፈገግ የምትል ሴት የማስታወቂያ ዓለም ድሮም አጥቷት አያውቅም። እዚህ ካሜራ ፊት የቆሙት መካኒኮች ናቸው። ቦጊ ላታይነር ኮሌጅ የሴቶች ጥናት ተምራ ወደ ጋራዥ የገባች፣ በቢኤምደብሊው ወርክሾፕ ሠርታ ኋላ በፊኒክስ ከተማ የራሷን ጋራዥ የከፈተች ባለሙያ ናት። ጄሲ ኮምብስ ደግሞ ዋዮቴክ ከተባለው የመኪና ጥገና ትምህርት ቤት የወጣች፣ በብየዳ ሥራዋ የታወቀች ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦሪገን በረሃ ላይ የመሬት ፍጥነት ክብረ ወሰን ለመስበር ስትሞክር ሕይወቷ አለፈ፤ በሰዓት 841 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ፍጥነቷ በዓመቱ በጊነስ ጸደቀላት። እነዚህ ሴቶች በየሳምንቱ ፍሬን ሲፈቱ፣ ሞተር ሲያወርዱ፣ የዛገ ላሜራ ቆርጠው አዲስ ሲበይዱ ሰው ያያቸው ነበር። ጥያቄው እንዲህ ያለ ፕሮግራም ጎጃም ውስጥ ላሉት ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ከተሞች ምን ይፈይዳል የሚለው ነው። መልሴ፦ ብዙ ይፈይዳል፤ የሚፈይደው ግን በተለምዶ በሚነገረው ምክንያት አይደለም።

በተለምዶ የሚባለው «ልጃገረዶች አይተው ይነሳሳሉ» ነው። መነሳሳት ብቻውን መንገድ ሲዘጋ ቁጭት ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መንገዱን ማየት ይበጃል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ሁለቱንም ከተሞች ይሰነጥቃል፤ ከቡሬ ደግሞ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። በቆሎና በርበሬ የጫነው አይሱዙ፣ ገበያተኛ የሚያመላልሰው ቅጥቅጥ፣ አባዱላው፣ የዘይት ፋብሪካ ከባድ መኪና፣ ከተማ ለከተማ የሚሽከረከረው ባጃጅ ሁሉ በመንገዱ ዳር ላሉ ጋራዦችና ጎሚስታዎች ሥራ ይሰጣሉ። ታዲያ መካኒክ እንዴት ይፈጠራል? አብዛኛው ልጅ ሆኖ በረዳትነት ይገባል። መፍቻ ያቀብላል፣ ግራሶ ይቀባል፣ ጭነት ይጠብቃል፣ መኪናው በተበላሸበት ያድራል። ከዓመታት በኋላ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ኩሽኔታው እንደተበላ ይናገራል። ዕውቀቱ አልተጻፈም፤ የሚተላለፈው አብሮ በመዋል፣ ብዙ ጊዜም አብሮ በማደር ነው። ሴት ልጁ ከመሸ ከቤት ስትወጣ የሚጨነቅ ወላጅ ደግሞ ወደዚህ ትምህርት ቤት ልጁን አይልክም። ስለዚህ ልጅቷ ከሙያው የምትቀረው ተፈትና ወድቃ አይደለም፤ መፈተኛው ቦታ ሳትደርስ ነው።

የቴሌቪዥን ጋራዥ ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የመንደር መካኒክ ሲሠራ አይናገርም፤ ረዳቱ ከእጁ እንቅስቃሴ ራሱ ይገምታል። ካሜራ ግን ዝምታን አይወድም፤ አቅራቢዋ የምታደርገውን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደምታደርገው መናገር ግድ ይላታል። መኪና አልነሳ ሲል መጀመሪያ የባትሪው ኃይልና ገመዱ ይታያል፤ ባትሪው ደኅና ከሆነ ሞተሪኖው ይፈተሻል፤ ሞተሩ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ነዳጅ መድረሱ፣ በቤንዚን መኪና ላይ ደግሞ ካንዴላው ብልጭታ መስጠቱ ይጣራል። ቀላሉና ርካሹ አስቀድሞ፣ ከባዱና ውዱ በመጨረሻ። ረዳት በስንት ስድብ የሚለቅመው ይህ ቅደም ተከተል በግልጽ ሲነገር፣ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን የምታይ ተማሪም እኩል ትሰማዋለች።

«ሥራው ጉልበት ይጠይቃል» የሚለው ተቃውሞ የመጀመሪያው ነው። ይጠይቃል፤ ነገር ግን የአይሱዙን ካምቢዮ ብቻውን የሚያነሳ ወንድም የለም። ለዚያ ክሪክና የሰንሰለት ማንሻ ተሠርቷል። የጎጃም ገጠር ሴትም ውኃና እንጨት ስትሸከም ጉልበቷን የጠየቀ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ ያደረገውን በረራ ከአብራሪዎቹ ጀምሮ እስከ ጥገና ባለሙያዎቹ ሴቶች ብቻ አከናውነውታል፤ አውሮፕላን የተማመነባትን እጅ ባጃጅ የሚጠራጠርበት ምክንያት አይታየኝም። ዘመኑም እየተለወጠ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላም የሞተር ዘይትም የለውም፤ የሚጠይቀው የኤሌክትሪክ ዕውቀትና ከከፍተኛ ቮልቴጅ መጠንቀቅን ነው። ለዚህ ሥራ የቆየው የረዳትነት ትምህርት ወንዱንም ብዙ አያራምደውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ቴሌቪዥን ትርኢት ነው። የቀናት ሥራ ተቆርጦ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ መለዋወጫው ተሟልቶ ይጠብቃል። ቡሬ ላይ ግን አንድ ጓርኒሲዮን ከመርካቶ ሱማሌ ተራ እስኪመጣ መኪናው ቆሞ ይውላል። ይህ እውነት ነው፤ አይቶ ብቻ መካኒክ የሆነ ሰውም የለም። ላታይነር ራሷ ይህን የተረዳችው ይመስላል። ለሴቶች የመኪና አያያዝ ሥልጠና ስትሰጥ ቆይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከ90 በላይ ሴቶችን አስተባብራ የ1957 ሞዴል ሼቭሮሌት ፒክአፕ እንደ አዲስ አሠርታ ላስ ቬጋስ ላይ ለዕይታ አቅርባለች። ከእነዚያ ሴቶች የብዙዎቹ ትርፍ ብረቱን በእጃቸው መንካታቸው ነበር። ስክሪኑ ያስጀምራል፤ እጅን የሚያሠለጥነው ጋራዥ ነው።

«ደንበኛ ሴት መካኒኮችን አያምንም» የሚሉም አሉ። የመኪና ባለቤት ግን የሚያሳስበው ቆሞ የሚውልበት ቀን ነው፤ አንዴ በትክክል የሠራለት ዘንድ ይመለሳል። ችግሩ የመጀመሪያውን ዕድል ማግኘት ላይ ነው፤ ሲሠሩ መታየት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ስለዚህ በአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ግቢ በአማርኛ የሚቀረጽ ፕሮግራም ቢታሰብ፣ ከባጃጅ ቢጀምር እመርጣለሁ። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደርና ቀላል ነው፣ ከከተማ አይርቅም፣ ሥራው በቀን ያልቃል፤ ልጅቷን ከረዳትነት ያስቀራት የሌሊቱ ጉዳይ እዚህ የለም። አቅራቢዎቹም ተዋናዮች ሳይሆኑ የሙያ ብቃት ምዘና ያለፉ ሠልጣኞች ይሁኑ፤ መለዋወጫ ሲጠፋም መጥፋቱ ይታይ። ከዓመት በኋላ ፕሮግራሙን መመዘን የሚገባው ከእነዚህ ሠልጣኞች ስንቷ በራሷ ስም ጋራዥ ከፍታ ደንበኛ አገኘች በሚለው ነው። የተመልካች ብዛት ለማስታወቂያ ሻጩ ይበቃል፤ ወላጅን ግን ልጁን ወደ ጋራዥ እንዲልክ የሚያሳምነው በሙያው ቤት የሠራች ሴት በሰፈሩ መኖሯ ነው።