ታክሲ ሰልፍ ላይ የምንስበው፣ ስልካችን ግን የማይነግረን ጭስ

ማታ ከሥራ መልስ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ታክሲ ተሰልፋችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ሚኒባሶቹ ሞተር ሳያጠፉ ተራ ይጠብቃሉ፣ አንድ አሮጌ አይሱዙ ጥቁር ጭሱን ለቆብን ያልፋል። አፍንጫችንን በሹራባችን እጅጌ እንሸፍንና ጭሱ ሲበተን እጃችንን እናወርዳለን። አለፈ ብለን ነው። ግን አላለፈም፤ የማይታየው ገና አየሩ ላይ ነው።

ይሄ የማይታየው "እጅግ ደቃቅ ብናኝ" ወይም አልትራፋይን ይባላል። መጠኑ ከ0.1 ማይክሮሜትር በታች ነው። የአንድ ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የፀጉሯን ውፍረት ለመሙላት ቢያንስ 700 ብናኞች ጎን ለጎን መደርደር አለባቸው። ከተማ ውስጥ ዋናው ምንጩ የሚቃጠል ናፍጣና ቤንዚን ነው።

"የአየር ጥራት አፕ አለኝ እኮ" የምትሉ ትኖራላችሁ። አፑ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ፒኤም 2.5 የሚባለውን ነው፤ እሱ ደግሞ የሚለካው በክብደት ነው። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የአንዷን ባለ2.5 ማይክሮሜትር ብናኝ ክብደት ለማምጣት ባለ0.1ዎቹ ከ15,000 በላይ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ ከምንም አይቆጠሩም። መቆጠር ያለባቸው በብዛታቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በአንድ ሰዓት አማካይ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር (የጣት ጫፍ ታክላለች) ከ20,000 በላይ ብናኝ ካለ "ከፍተኛ" ነው ብሏል።

ታዲያ ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል? ተራ አቧራን አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፣ እናስነጥሰዋለን። ይሄኛው ግን ሳንባ ጫፍ ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደም ያልፋል። በ2017 የወጣ የኤዲንብራ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን በወርቅ አሳይቷል። 14 ጤነኛ ሰዎች በጣም ደቃቅ የወርቅ ብናኝ እንዲተነፍሱ ተደረገ። ወርቁ ደማቸው ውስጥ ታየ፣ ከሦስት ወር በኋላም ሽንታቸው ውስጥ ነበር። አንገታቸው ላይ ያለው የደም ቧንቧ በስብ የጠበበባቸው ሕመምተኞች ላይ ደግሞ እዚያው የጠበበው ቦታ ላይ ተከማችቶ ተገኘ። የመኪና ጭስ ከልብ ድካምና ከስትሮክ ጋር ለምን እንደሚያያዝ አንዱ ፍንጭ ይሄ ነው። በ2019 ቤልጂየም ውስጥ በተሠራ ሌላ ጥናት፣ ጥላሸት በእንግዴ ልጅ በፅንሱ በኩል ሳይቀር ተገኝቷል።

አስም ያለባችሁ ይህችን ልብ በሉ። ለንደን ውስጥ አስም ያለባቸው 60 ሰዎች አንድ ቀን የናፍጣ አውቶቡስና ታክሲ በሚመላለስበት ኦክስፎርድ ጎዳና፣ ሌላ ቀን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ሁለት ሁለት ሰዓት ተራመዱ። ጎዳናው ላይ የሳንባቸው አቅም የበለጠ ቀነሰ። ከዚህ ጋር ይበልጥ የተያያዘው ደግሞ እጅግ ደቃቁ ብናኝና ጥላሸቱ ነበር።

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሏ ጥሩ ነው፤ ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ግን መንገድ ላይ ነው። ኤሌክትሪኩም ቢሆን ጭስ ባይኖረውም ከጎማውና ከፍሬን ሸራው ብናኝ ይወጣል።

ደግነቱ፣ ይሄ ብናኝ ከመንገዱ ሲርቁ ቶሎ ይቀንሳል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲለካ ከአውራ ጎዳናው 300 ሜትር ላይ ከአካባቢው አየር ብዙም አይለይም ነበር። ስለዚህ በእግር ስትሄዱ ውስጥ ለውስጥ ያለውን መንገድ ምረጡ። ሰልፍ ላይ ከማርሚታው ፊት ዞር በሉ፣ ሕፃን ከያዛችሁ ደግሞ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፤ የማርሚታው ከፍታ የሱ አፍንጫ ጋ ነው። አይሱዙ ኋላ ከሆናችሁ መስኮት ዝጉ። ተራ ማስክ በጎን ስለሚያስገባ ብዙም አይረዳም፣ ፊት ላይ ግጥም የሚለው ኤን 95 ይሻላል። ሹፌሮች ደግሞ ተራችሁ እስኪደርስ ሞተር አጥፉልን፤ ከእኛ በላይ ቀኑን ሙሉ እዚያው የሚውሉት ተራ አስከባሪውና ሊስትሮው ናቸው።