ደም የማይረጋለት ውሻ

እኛ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች የሚደማ ውሻ ሲቀርብልን ወደ ላቦራቶሪ መቸኮል እንወዳለን። ነገር ግን የመልሱ እኩሌታ የሚገኘው ከእንስሳው ገላ ላይ ነው። ይኸውም ደም የሚቆመው በሁለት እርምጃ ስለሆነ ነው። አስቀድሞ ፕላትሌት የተባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች የተቀደደውን ሥር እንደ ውታፍ ይደፍኑታል፤ ቀጥሎም አብዛኞቹን ጉበት የሚያዘጋጃቸውና ፋክተር የሚባሉት ፕሮቲኖች ውታፉን በክር መሳይ መረብ ያጸኑታል። ውታፉ የጎደለው ውሻ በድዱና በሆዱ ቆዳ ላይ ቁንጫ የነከሰው የሚመስል ቀይ ነጠብጣብ ይወጣበታል፤ ይነስረዋልም። መረቡ የጎደለው ግን ከቆዳው ሥር፣ በመገጣጠሚያው ወይም በደረቱ ውስጥ ደም ይቋጠርበታል።

ድመት ደግሞ መሣሪያውን ታታልላለች። ፕላትሌቷ እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ ቆጣሪው መኪና አሳንሶ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ደሙን በመስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ግድ ነው። ፋክተር 12 የጎደላት ድመትም አለች፤ ደሟ በብልቃጥ ውስጥ ለመርጋት እጅግ ይዘገያል፣ እርሷ ግን አትደማም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የአይጥ መርዝ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከድርቆሽ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ስዊት ክሎቨር የተባለውን ሣር ሻግቶ የበሉ ከብቶች እየደሙ ይሞቱ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ሊንክና ባልደረቦቹ ከዚያ ድርቆሽ ዲኩማሮልን ለይተው አወጡ፤ የእርሱ ዘመድ የሆነው ዋርፋሪንም በ1948 የአይጥ መግደያ ሆኖ ገበያ ወጣ።

መርዙ ጉበት በቫይታሚን ኬ አማካይነት የሚያዘጋጃቸው ፋክተሮች አዲስ እንዳይሠሩ ያግዳል እንጂ በደም ውስጥ ያሉትን አያጠፋም። ስለዚህ ባለቤቱ «ትናንት በላ፣ ዛሬ ግን ይጫወታል» ቢለን ልንጽናና አይገባም፤ የቀድሞው ስንቅ ገና አላለቀም። ቶሎ የሚያልቀው ፋክተር 7 ስለሆነ፣ አስቀድሞ የሚረዝመው እርሱን የሚመለከተው የፕሮትሮምቢን ጊዜ ነው። መርዙን በበላበት ዕለት ደኅና የታየው ምርመራ ከ2 እስከ 3 ቀን በኋላ መደገም አለበት። ደም ስንቀዳም የአንገቱን ሥር ትተን በፋሻ ልናስረው ከምንችለው ከእግሩ ይሁን፤ በመርፌ ቀዳዳ ደሙ የሚያልቅ ውሻ አለና።

መድኃኒቱ ቫይታሚን ኬ1 ነው። እንደ ብሮዲፋኩም ያሉት ከዋርፋሪን በኋላ የመጡ መርዞች በጉበት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆዩ፣ ሕክምናው ብዙ ጊዜ 4 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ውሻው ሲቦርቅ አይቶ ክኒኑን በሳምንቱ የሚያቆም ባለቤት ግን አይጠፋም። የመጨረሻው ክኒን ከተሰጠ ከ48 እስከ 72 ሰዓት በኋላ የፕሮትሮምቢን ጊዜ እንደገና ይለካል፤ ረዝሞ ከተገኘም ክኒኑ ይቀጥላል።